ለመቀመጥ የቀረበ አቤቱታ

ለአሳዳጊ ቤተሰብ ምደባ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ቋሚ እንድሆን ስለመወሰኑ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም ከቀጠሮዎችዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚፈልግዎ ሰው ሁሉ የሚያገኝዎ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር እንዳለዎት ስለማውቅና ስለምቀናበትም ጭምር ነው። ለእኔ «ባለችበት» ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ቢገኝ ፖስተኛው መከራውን ያይ ነበር። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ መስጠት ሲገባኝ በራችሁ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ የታሸገ ነገር እናንተ ዘንድ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ፋይል ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ ምስክር የለም።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ «ቋሚነትና መረጋጋት በወጣቶች ዕይታ» በሚል ርዕስ እንድናገር ተጋብዤ፣ የእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ትንሽ ስለረዘመ ሰዓቱ አልቆ፣ አፌን ሳልከፍት የተመለስኩት ልጅ ነኝ። ወንበሮቹ ለክቡራን እንግዶች ተይዘው ስለነበር እኛ በአሳዳጊ ቤት የምንኖረው ልጆች ከግድግዳው ጋር ተደርድረን ቆመናል፤ ከራሳችን በላይ «ለእያንዳንዱ ልጅ ቋሚ ቤት» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። ፎቶ አንሺው ጨርቁና እኛ አንድ ላይ እንድንገባለት ጠጋ ጠጋ እንድንል በትሕትና ጠይቆናል። ከዳር በኩል ፊቷን ያዞረችው እኔ ነኝ።

ነገሩም የገባኝ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው። ለካ እርስዎ ቃልዎን አላጠፉም ኖሯል። ቋሚ ማለት የሚቆም ማለት ነው፤ እኔም ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ቆሜያለሁ፣ በየቢሮው ኮሪደር፣ በየሰው ደጃፍ፣ የትኛው ወንበር የማን እንደሆነ እስካውቅ ድረስ በየሰው ሳሎን ውስጥ ቆሜያለሁ። ያሳሳተኝ የሰው አነጋገር ነው። ሰዎች ሲተዋወቁ «የት ነው የምትቀመጪው?» እየተባባሉ ስለሚጠያየቁ፣ ቤት ማለት ሰው የሚቀመጥበት ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ ከቋሚነት ይልቅ ለመቀመጥ ባመለክት ይሻል ስለነበር፣ ይህን አቤቱታ፣ ካልተነበበው ንግግሬ ጋር አዳብዬ፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቋሚ ቤት። ጽሕፈት ቤትዎ አንድ ጊዜ ቋሚ ቤት ሰጥቶኝ ያውቃል፣ ውለታውን አልረሳሁም። ባልና ሚስቱ ሁለቱም አስተማሪዎች ነበሩ፤ ፊርማቸው ያምራል፣ በፈረሙ ዕለትም ኬክ ተቆርጧል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ሚስትየዋ ፀነሱና ሆዳቸው እየገፋ ሲመጣ የእኔ ክፍል እየጠበበ ሄደ። መጀመሪያ የሕፃን አልጋ ገባ፣ ቀጥሎ የሕፃን ልብስ መሳቢያ ገባ፣ በመጨረሻ እኔ ወጣሁ። የክትትል ባለሙያዋ በመኪና ስትወስደኝ የነገረችኝ ምደባው «በስምምነት መጠናቀቁን» ነው። እኔ መቼ እንደተስማማሁ ለማስታወስ እስከ ዛሬ እየጣርኩ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ክትትል ባለሙያዎቻችሁ። ትጉሆች ናቸው፣ ፊታቸውን ሳልለምደው መቀያየራቸው ብቻ ነው። አዲሷ በመጣች ቁጥር ፋይሌን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና፣ ሳትገልጠው፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግራት ትጠይቀኛለች። የእኔ መጀመሪያ የእናቴ ሞት ነው። ከመደጋገሙ ብዛት የእናቴን ሞት እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሳልደናቀፍ እወጣዋለሁ፤ ድሮ የቱ ጋ ስደርስ አለቅስ እንደነበር ጠፍቶብኛል። ስለ መረጋጋት እንድናገር ከተጋበዝኩ፣ ለዚህ ዓይነቱ መረጋጋት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጊዜያዊ ቤት። ከአስተማሪዎቹ ቤት እንደወጣሁ ሌላ ቦታ እስኪገኝ «ለጥቂት ቀን» ተብዬ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ተቀመጥኩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ያ ጥቂት ቀን ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው አለ፣ በአንዱ ግድግዳ ያላለቁ ልብሶች ተሰቅለዋል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት አልጋ አለ። እኔ እንደ ልማዴ ቆምኩ። ቆሜ በላሁ፣ ቆሜ አጠናሁ። እትዬ ተቀመጪ ብለው አልጨቀጨቁኝም። ብቻ አንድ ቀን አንድ ኮት ሰጡኝና፣ ለልክ ተብሎ ለጊዜው የተሰፋውን ክር እንድመዝላቸው፣ ለብርሃኑ እንዲሻለኝም ከመኪናው አጠገብ ባለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ እንድሆን ነገሩኝ። ጊዜያዊ ልጅ ጊዜያዊ ክር ስትመዝ የሚያይ ሰው ባይኖር ነው እንጂ ቢኖር ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ባይኖርም እዚያችው ላይ መዋል ጀመርኩ።

ከወራት በኋላ ሱሪ ሊያስጠብቡ የመጡ አንድ ሰውዬ፣ እኔ ውኃ ልቀዳ ብድግ ባልኩበት፣ ወንበሯን ሳብ አድርገው ሊቀመጡ ሲሉ፣ እትዬ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ እንዲህ አሏቸው።

«እሱ የሷ ቦታ ነው። እርስዎ ወዲህ ይቀመጡ።»

ሰውዬው ወደዚያኛው ወንበር አለፉ። ማንም አልፈረመም፣ ኬክም አልተቆረጠም። እኔ ጎንበስ ብዬ ክር የምፈልግ መሰልኩ፣ ዓይኔ ግን ክሩንም ወለሉንም አያይም ነበር። ንግግር እንዳደርግ የተጋበዝኩበትን ቃል ትርጉም የተማርኩት ያን ጊዜ ነው፤ እናንተ ሙሉ ቀን የተሰበሰባችሁበትን እትዬ መርፌ ሳያቋርጡ ጨረሱት።

ሌላም አለ። በአስተማሪዎቹ ቤት የምለብሰው ሁሉ በልኬ የተገዛ ነበር። እትዬ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ሲሰፉልኝ ግን አስረዝመው ቆረጡትና የተረፈውን ወደ ውስጥ፣ ሦስት እጥፍ አድርገው አጠፉት። ልኬ የተሳሳተባቸው መስሎኝ ስጠይቃቸው፣ ስታድጊ እየተፈታ ይወርዳል፣ አሉኝ። እንደማድግ ሰው ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ሳድግ እዚያው ቤት እንደምሆን የቆጠረልኝ ሰው ግን እሳቸው ናቸው። እስካሁን ሁለቱ እጥፋቶች በየጊዜያቸው ተፈተዋል፣ መስመራቸው ጨርቁ ላይ ይታያል። አንዱ ይቀር ነበር።

አንድ ጊዜም ተናድጄ በሩን ወርውሬ ዘግቼዋለሁ፤ የመስኮቱ መስታወት ረገፈ። ሌላ ቤት ብሆን በማግስቱ የእናንተ መኪና ደጅ ላይ ትቆም ነበር። እትዬ መጥረጊያ ሰጡኝ፣ ጠረግሁ፣ ቀጥሎ ራት በልተን ተኛን። ማንም ወደ እናንተ አልደወለም። ከግድግዳው ጋር የተደረደርነውን ልጆች ብትጠይቁን ኖሮ፣ ቋሚነት የምንለው ጥፋት አጥፍተን ወደ እናንተ ሳንመለስ ያደርንበትን ቤት እንደሆነ ከአንድ አፍ እንደወጣ እንነግራችሁ ነበር።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ የተገኘው እናንተ ስለረሳችሁኝ ነው። ፋይሌ ከሌላ ልጅ ፋይል ጋር ተጣብቆ ለዓመታት ማንም ሳይገልጠው ቆይቷል። የክትትል ባለሙያ ሲመጣም እትዬ ጊዜያዊ እንደሆኑ ልብ ያለው አልነበረም። ሲያገኙኝ ያገኙኝ ለስብሰባው ነው፤ ከአንድ ቤት ሳይነሣ ረጅም ጊዜ የኖረ፣ ስለ መረጋጋት የሚናገር ልጅ ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። የአሁኗ ባለሙያ ደስ ብሏት ፋይሉን ስትገልጥ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል አየችና ደነገጠች። በዚያው ሳምንት ሁለት ወረቀት ደረሰኝ፣ አንዱ ስለ መረጋጋት እንድናገር የሚጋብዝ፣ ሌላው ሰኞ ጠዋት ከቤቴ የሚያነሣ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ከጽሕፈት ቤትዎ አይቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ ከጊዜያዊ መዝገብ ወደ ቋሚ መዝገብ ለመዛወር ማመልከታቸውን ያውቃሉ። ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ቤቱ የኪራይ ነው፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል ተብለዋል። ሦስቱም እውነት ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ግን ለአራት ዓመት ሳይርበኝና ሳልፈራ ከማደር አላገደኝም። በመጨረሻ ባለሙያዋ በሩ ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእንግዲህ ብዙ ባያስለምዷት ጥሩ ነው» አለቻቸው። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ከሥራ ነገር በቀር የሚናገሩት ትንሽ ነው። ፋይሌ ላይ የተጻፈው «ከመጠን ያለፈ መላመድ ታይቷል» የሚል ነው። መጠኑ ስንት እንደሆነ ቢነግሩኝ፣ በሚቀጥለው ቤት እዚያው ላይ ሳልደርስ እቆም ነበር።

ፍርድ እንዳላጓድል፣ ያገኛችሁልኝ ቤተሰብ ጥሩ ሰዎች ይመስላሉ። የሚኖሩበት ከተማ ሩቅ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ወስዳችሁ አስተዋውቃችሁኛል። ለእኔ የተዘጋጀውን ክፍል አሳዩኝ፣ የፍራሹ ፕላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ሴትየዋ ምን መብላት እንደምወድ ሲጠይቁኝ ሁሉንም አልኳቸው። እኛ ልጆች ለዚህ ጥያቄ ያለን መልስ እሱ ብቻ ነው፣ የሚመርጥ ልጅ ቶሎ ይመለሳል። እሳቸው ግን አስተዋይ ልጅ ናት ብለው ተደሰቱ፤ አሳዘኑኝ።

ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ ቀልድ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ሌላ ሳሎን ውስጥ ገብቼ የማን ወንበር የቱ እንደሆነ እንደገና ለመማር አቅም የለኝም፣ የተማርኩትም ሁሉ ቢሆን ለእትዬ ቤት ብቻ የሚሆን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ደንብ ይሻሻልልኝ አልልም፣ በጀትም አልጠይቅም። ጽሕፈት ቤትዎ በሚገባ የሚችለውን አንድ ነገር ብቻ ያድርግልኝ፤ እንደገና ይርሳኝ። ፋይሌን ከሌላ ፋይል ጋር አጣብቁት፣ ሰኞንም አብራችሁ እርሷት።

እንደማትረሱ ግን ትናንት ገብቶኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ቀሚሴን ጭናቸው ላይ አድርገው የመጨረሻውን እጥፋት ሲፈቱ አገኘኋቸው። ገና ጊዜው አልነበረም። ለምን እንደፈቱት አልጠየቅኳቸውም፤ እዚያ ማዶ ተርፎ የታጠፈ ጨርቅ መኖሩን ማን ያውቃል፣ ቢያውቅስ ማን ይፈታዋል ብለው እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ተኩሰው አለበሱኝ። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ወረደ፣ የታላቅ እህቷን ልብስ የለበሰች ልጅ መስያለሁ። ክቡር ሆይ፣ ገና አላደግሁም።

ላደረጋችሁልኝና ሰኞ ለምታደርጉልኝ ሁሉ ውለታችሁን ቆሜ የማስብ፣

እስከ ሰኞ ጠዋት ተቀማጭ፣ ከዚያ በኋላ በጽሕፈት ቤትዎ ቸርነት ቋሚ የምሆን ታዛዥዎ፣
ከዳር በኩል ፊቷን ያዞረችው

ግልባጭ፦
ለፎቶ አንሺው
ለሁለቱ አስተማሪዎች፣ ለሕፃኑ ከብዙ ሰላምታ ጋር
ለሚቀጥለዋ የክትትል ባለሙያ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ እንድታነበው

ማስታወሻ፦ ሰኞ ከመኪናው ጋር የሚመጡት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ፣ እትዬ ሰው አክባሪ ስለሆኑ እኔ ዕቃዬን እስክሸክፍ ድረስ ይቀመጡ ማለታቸው አይቀርም። ይቀመጡ። ከመስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ግን እባክዎ አይቀመጡ። ባዶ ብትመስልም ተይዛለች።