የቲታ ወንዝ ጠባቂ፦ ወይዘሮ ሎዊዛ ዞሞሮ (1951–2023 እ.ኤ.አ.)

ወይዘሮ ሎዊዛ ዞሞሮ ከአባታቸው ከአቶ ኬራ ዞሞሮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቪኒ ሶጋ በ1951 እ.ኤ.አ. በሰለሞን ደሴቶች፣ በኒው ጆርጂያ፣ በቲታ ወንዝ አፍ በምትገኘው በኩሩቮ መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። አባታቸው የሚሲዮኑን ታንኳዎች የሚጠርቡ አናጺ ነበሩ። በጎሳችን መሬት የሚወርደው በእናት በኩል ስለሆነ፣ ከቲታ በስተ ምዕራብ ያለውን ጫካ ድንበር ዛፍ በዛፍ የሚያውቁት እናታቸው ነበሩ። ወይዘሮ ሎዊዛም ይህን እውቀት የተቀበሉት በእግራቸው ነው። እኩዮቻቸው ባሕር ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሳቸው ከእናታቸው ኋላ ዳገቱን ይወጡ እንደነበር፣ በዚህም በጣም ይበሳጩ እንደነበር አልደበቁም።

ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው ሲሆን፣ ቀጥሎ በሚሲዮኑ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተምረዋል። በ1970 የጤና ረዳትነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው ወደ ኩሩቮ ተመለሱ፤ በመንደሩ ክሊኒክም ሠላሳ ስድስት ዓመት አገለገሉ። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፣ እየታጠቡም ይጸልያሉ። ሳሙናውን ከጸሎቱ ወይም ጸሎቱን ከሳሙናው ለይተው አያውቁም ነበር።

በ1973 ከመምህር ዊልኪን ሃቢ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ሬንዲን፣ ሲሲሊንና ሞፋትን ወለዱ። መምህር ዊልኪን በ1996 በወባ አረፉ። መድኃኒት የጫነው መርከብ በማዕበል ምክንያት ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሎዊዛ መድኃኒት ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ማመልከቻ ይጽፉ ጀመር። ስለ ባላቸው ሞት ብዙ ሲያወሩ የሰማ የለም፤ ማመልከቻውን ግን አንድም ጊዜ አልዘነጉም።

በ2003 አንድ እንጨት ቆራጭ ኩባንያ የቲታን ጫካ ፈልጎ መጣ። በጎሳው ስም የስምምነቱ ወረቀት ላይ የፈረሙት የእሳቸው ታናሽ ወንድም አቶ ቦሶ ዞሞሮ ናቸው። ይህን ታሪክ የምትጽፈው የአቶ ቦሶ ልጅ ኔልማ ናት። ጉዳዩ በዚህ ቀን እንዲነበብ የጠየቁትም አባቷ ራሳቸው ናቸው፤ አሁንም ከፊት ወንበር ተቀምጠው እየሰሙ ነው።

ወሬው እንደተሰማ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። መጋቢ ሂዬሌ የሰባት ቀን ጾም አወጁ። ወይዘሮ ሎዊዛ ደግሞ በባሕሩ ዳር የሴቶች ጥበቃ በተራ እንዲቆም ሐሳብ ሲያቀርቡ መጋቢው አልወደዱትም።

"ጾመን ከጨረስን ነገሩ የእግዚአብሔር ነው" አሉ። "ዘብ ማቆም እምነት ማጣት ነው።"

ከኋላ ወንበር ደልቪን የሚባለው ጎረምሳ ተነሣ። "እንግዲያው እናንተ ጹሙ፣ እኛ ቤንዚን እናመጣለን። ዶዘር ሲነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ጓደኞቹ በጩኸት ደገፉት።

"ደልቪን፣ እስር ቤት ስንቅ የምታመላልስልህ እናትህ ናት" አሉት ወይዘሮ ሎዊዛ። "ጉልበቷን የማክመው ደግሞ እኔ ነኝ። አይችልም። ተቀመጥ።" ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተሞላ፤ ደልቪንም ተቀመጠ። ከዚያ ወደ መጋቢው ዞሩ። "መጋቢ፣ ሰባቱንም ቀን እጾማለሁ። ግን እርስዎ ወደ ጊዞ ከተማ ሲሄዱ ጸልየው ነው ታንኳ ላይ የሚወጡት፤ ቤንዚኑን ሳያዩ ሞተር አስነሥተው ያውቃሉ?"

"ቤንዚንና ይህ አንድ ነው?"

"ለእኔ አንድ ነው።"

መጋቢው አልፈቀዱም። ጥበቃው ግን በማግስቱ ተጀመረ። ሦስት ሦስት ሴቶች በመርከብ መጠጊያው ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው የሚነፋ ትልቅ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይኖራል። ወይዘሮ ሎዊዛ በሞተር ታንኳ ጊዞ ድረስ ሄደው ጠበቃ አቆሙ። የድንበሩን ዛፎች አንድ በአንድ ቆጥረው ቃላቸውን ሰጡ፣ ከአምስት ወር ምልልስ በኋላም የፍርድ ቤት እግድ አወጡ። የእግዱን ቅጂ አንዱን በክሊኒኩ ሣጥን፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ መሳቢያ አስቀመጡ። ሦስተኛውን በላስቲክ ጠቅልለው በዘንቢላቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር።

እሑድም ጥበቃ እንዲኖር ባዘዙ ጊዜ ብዙ ሰው ተቃወማቸው። "እትዬ ሎዊዛ፣ እግዚአብሔር እንኳ በሰባተኛው ቀን አርፏል" ያሏቸው ሴቶች ነበሩ። "እሱ ሥራውን ጨርሶ ነው ያረፈው" አሏቸው። "እኛ አልጨረስንም።"

ጁን 13 ቀን 2004 እሑድ ነበር። ስብከቱ እኩሌታ ላይ ደርሶ ሳለ ከባሕሩ በኩል ቅርፊቱ ተነፋ። ሁለት ዶዘር የጫነ ጠፍጣፋ መርከብ ወደ መጠጊያው እየገባ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ በአምልኮ ላይ የሚሆንበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው መርቶት እንደመጣ ግልጽ ነው። መጋቢ ሂዬሌ መጽሐፋቸውን ዘጉ። ቀጥሎ "አሜን በሉና ውጡ" አሉ። ከሰበኩት ሁሉ እጅግ አጭሩ ስብከት ይህ ነበር።

ጎረምሶቹ ወደየቤታቸው ሮጠው ገጀራ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ሎዊዛ መንገዱ ላይ አስቆሟቸው። "እዚህ ጣሉት። ወረቀቱ በእጃችን ነው። እኔ አንድ ሰው ላይ አንድ ጭረት ካየሁ ወረቀቱም ዋጋ የለውም።" ደልቪን እስከ መጨረሻው ሲያመነታ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት፤ በመጨረሻ ሰጣቸው።

ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ውሃው ደረታቸው እስኪደርስ ገቡ። መርከቡ መውረጃውን ገና እኩሌታ ዝቅ አድርጎ ቆመ። ከፊቱ የኩባንያውን ኮፍያ ያደረጉት አቶ ቦሶ ነበሩ።

"እትዬ፣ ከውሃው ውጪ። ሰው ይጎዳል።"

"ማን ነው የሚጎዳው? ስሙን ጥራ።"

አቶ ቦሶ በተርታ የቆሙትን ሴቶች ቃኙ። ከእህታቸው ጎን ባለቤታቸው ሴፖራ መቆሟን ያዩት ያን ጊዜ ነው። ዕለቱ የእሷ ተራ ነበር፤ ቅርፊቱንም የነፋችው እሷ ናት።

"አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቤትሽ ምን ጎደለ?"

"ውሃ" አለች። "ልጅህን የማጥብበት ውሃ ሊጎድል ነው።"

ወይዘሮ ሎዊዛ በላስቲክ የተጠቀለለውን እግድ ከራሳቸው በላይ አንሥተው ለመርከቡ አዛዥ አቀበሉት። አዛዡ የሩቅ አገር ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ አነበበ፣ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ፣ ወደ አቶ ቦሶ ዞረ። "ይሄ እንዳለ አልነገርከኝም" አለ። መውረጃው ተመልሶ ተነሣ። መርከቡ ዶዘሮቹንም አቶ ቦሶንም ይዞ ሄደ። ሴቶቹ ዘመሩ፣ ጎረምሶቹም ጨፈሩ። ወይዘሮ ሎዊዛ ግን ልብሳቸው እንደረጠበ ክሊኒኩ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ሴፖራ የሚቀይሩት ደረቅ ልብስ ስታመጣላቸው "የሰኞ ተረኞች እነማን ናቸው?" ብለው ጠየቋት።

ብዙ ሰው የሚያወራው ይህንን እሑድ ነው። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን አሥራ አንድ ዓመት ነው። ክርክሩ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ተንከባለለ። ኩባንያው በምሥራቅ በኩል ካለው ጎሳ ጋር ተዋውሎ የማዶውን ዳገት ጫካ ጨረሰው፤ ቲታም ለሦስት የዝናብ ወቅቶች እንደ ጭቃ ወረደች። ዓሣው ሸሸ፣ የልጆች ቆዳ ቆሰለ፣ በክሊኒኩ በር ሰልፍ ረዘመ። ጸለይን፣ ጠበቅን፣ ግማሹን አጣን። ወይዘሮ ሎዊዛ ይህንን ለማንም አሳምረው አልነገሩም። "እግዚአብሔር ሰምቶናል ወይ?" ያሏቸውን "አላውቅም። ነገ ተራሽ ነው ግን" ይሏቸው ነበር።

አርባ የነበሩት ጠባቂዎች ወደ ሃያ፣ ከዚያ ወደ ዘጠኝ ወረዱ። አንዷ አገባች፣ አንዷ ታመመች፣ ብዙዎቹ ታከቱ። ማንንም አልወቀሱም፤ የጎደለውን ተራ ራሳቸው ሸፈኑ። በ2006 ጡረታ ሲወጡ ያርፋሉ ተብሎ ነበር፤ ያገኙትን ጊዜ ሁሉ ግን መጠጊያው ላይ አዋሉት። እግራቸው ያብጥ ጀመር። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ያወቁት ራሳቸውን መርምረው ነው፤ ለልጆቻቸው የነገሩት ከዓመት በኋላ ነው። ልጃቸው ሲሲሊ አንድ ጊዜ አልቅሳ "እማዬ፣ እባክሽ ተይው፣ እግዚአብሔር ይጠብቀው" ብላ ለምናቸው ነበር። "ይጠብቀዋል" አሏት። "እኔም ከእሱ ጋር እጠብቃለሁ። ደክሞኛል ልጄ፣ ደክሞኝም ግን መቀመጥ አያቅተኝም።"

በ2011 አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በከባድ ሙቀት ብቻቸውን ሲጠብቁ እንቅልፍ ጣላቸው። ሲነቁ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ደንግጠው ተነሡ። መጋቢ ሂዬሌ ቅርፊቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ካሳቫ እየበሉ ከአጠገባቸው ተቀምጠዋል።

"ምነው አልቀሰቀሱኝም?"

"ምንም መርከብ አልመጣም።"

"ጥበቃው እምነት ማጣት ነው ብለው አልነበር?"

መጋቢው ካሳቫውን ቆርሰው ሰጧቸው። "ብዬ ነበር" አሉ። "ብዙ ነገር ብዬ አውቃለሁ። ይብሉ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ የማክሰኞው ተራ የመጋቢ ሂዬሌ ሆነ፤ እስኪሞቱም አላጓደሉም።

በ2015 ፍርድ ቤቱ ከቲታ በስተ ምዕራብ ያለው ጫካ በወይዘሮ ቪኒ ሶጋ ዘር በኩል የጎሳው ነው ሲል የመጨረሻውን ውሳኔ ሰጠ። ሌላው ሲደሰት ወይዘሮ ሎዊዛ ሁለት ቀን ሙሉ ተኙ።

በቀጣዩ ዓመት አቶ ቦሶ ወደ ኩሩቮ ተመለሱ። ኩባንያው ከተዋቸው ቆይቷል። ሰው ሁሉ እህትና ወንድም ምን እንደሚባባሉ ለማየት ተሰብስቦ ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅርታ ይለመናል፣ ይለቀሳል ተብሎ ነበር። አቶ ቦሶ ከታንኳው ወርደው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

"እትዬ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም።"

ወይዘሮ ሎዊዛ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ከሲታ ሆነዋል፤ ጥርሳቸውም ጎድሏል። "በልተሃል?" አሏቸው። አለመብላታቸውን ሲናገሩ ዓሣና ስኳር ድንች አቀረቡላቸው። በልተው ሲጨርሱ የተራውን ዝርዝር ከዘንቢላቸው አውጥተው ስማቸውን ጻፉበት። "ሐሙስ ያንተ ነው። እንዳትቀር።" ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገሩም። ወይዘሮ ሎዊዛ በውስጣቸው ምን ያህል ይቅር እንዳሉ ወይም እንዳላሉ ጸሐፊዋ አታውቅም። አባቷ ግን ሰባት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ አልቀሩም።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የስኳር ሕመሙ ኩላሊታቸውን ጎዳ። በዋና ከተማው ሆስፒታል ታክመው፣ መዳን እንደሌለ ሲነገራቸው ወደ ቤታቸው መመለስን መረጡ። መኝታቸውን ባሕሩ ከሚታይበት መስኮት ሥር አስደረጉ። ሰው ሲጠይቃቸው "ደህና ነኝ" አይሉም ነበር፤ "ደክሞኛል" ይሉ ነበር፣ ያለ ምሬት። የመቃብራቸውን ቦታ መርጠው፣ የሚለብሱትን አጥበው፣ መዝሙሮቹን ጽፈው ለሲሲሊ ሰጡ። ሲሲሊ "እግዚአብሔር ያድንሽ ይሆናል እኮ" ስትላቸው "ካዳነኝ ልብሱን ሌላ ቀን እለብሰዋለሁ" አሉ።

ማርች 14 ቀን 2023 ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆቻቸው ከብበዋቸው፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ወይዘሮ ሎዊዛ የሦስት ልጆች እናት፣ የአሥራ አንድ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ ቦሶ፣ ወይዘሮ ሴፖራ፣ ያሳደጓቸው የእህትና የወንድም ልጆች፣ በእጃቸው የተወለዱ የመንደሩ ሰዎችም ሐዘንተኞች ናቸው። ቤተሰቡ ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል።

ጌታ ሆይ፣ ይህች ባሪያህ ካንተ ጎን ረጅም ተራ ወስዳለች። አሁን አንተ ብቻህን ጠብቃት፣ እሷም ለተራ ሳትነሣ ትተኛ። አሜን።