ኪዳኔ ከመዝገቡ ይፋቅ ብለው ለመሰከሩት ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ ፀሐዩ
የጽናት መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
አሌክሳንድሪያ

ጤናዎ፣ ወንበርዎና የሰው ገመና የመሸፈን ችሎታዎ አንዱም ሳይጓደል ይህ ጽሑፍ እንዲደርስዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ እመኛለሁ። ወለተሥላሴ ነኝ፤ የመነን እናት። ምናልባት ዘንግተውን እንደሆነ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ድሮው ውለታዎ አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የማኅበሩ የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ የነበረው ኪዳኔ፣ አራተኛ ክፍል የነበረችውን ልጄን በመኪናው ወደ ቤት ሲመልሳት ወሲባዊ ጥቃት ፈጸመባት። ፖሊስ ጋ በሄድኩ በሳምንቱ እርስዎ ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ ድረስ በመምጣት፣ «የሐበሻን ስም ፈረንጅ ፊት አታጉድፊ፣ ክሱን ተይው» ብለው መከሩኝ። ምክርዎን አልሰማሁም። ኪዳኔም ጥፋቱን አምኖ ታሰረ፤ ሲፈታም ስሙና ፎቶው የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ላይ ወጣ።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ እኛ የተቀመጥንበት ጠረጴዛ ሰው ዝር ሳይልበት ተንፈላሰን እንድንቀመጥ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ባለቤቴ ፍሰሐ የእናቱን መርዶ ሲሰማ እንኳ ከማኅበራችሁ አንድ ሰው ለቅሶ አልደረሰም። ከአሌክሳንድሪያ ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድ የገባነው በዚያው ሰሞን ነው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሚያዝያ ኪዳኔ ሕጉ የሚጠይቀው ዘመን ስለሞላለት ከመዝገቡ እንዲፋቅ ፍርድ ቤት አመለከተ። እርስዎም መሰከሩለት። ለምን እንደቸኮላችሁ እዚያው ሰማን፤ ዳግመኛ ቅዳሜ እንዲያስተምር ፈልጋችሁ ኖሯል፣ አዳራሹን የሚያከራዩአችሁ ሰዎች ግን መዝገቡ ላይ ያለ ሰው ልጆች አጠገብ አይደርስም ብለው ነው።

በአስተርጓሚ የሰጡት ቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይህ ሰው ለልጆቻችን አባት ነው። አንድ ቀን ሰይጣን አሳሳተው እንጂ።»

ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ነገር ጠየቀዎ፦ «የተጎዳችው ልጅ ስም ማን ነው?»

ኪዳኔን አዩ፣ ጣራውን አዩ። «ብዙ ጊዜ ሆነው፤ ዘነጋሁት» አሉ። ክርስትናዋን በልተው፣ እደጊ ብለው የመረቋትን ልጅ!

ያኔ ከጎኔ አንዲት ወጣት ብድግ አለች። እኔ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በጠራ አማርኛ፣ «መነን ነኝ፣ ጋሼ ፀሐዩ» አለችዎ። ዳኛዋ ተቀመጪ አሏት፤ ተራዋ ሲደርስ ግን ቆማ ተናገረች፦ «ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ከወንድ ጋር ብቻዬን መኪና ውስጥ አልገባም። ከአባቴ ጋር እንኳ ለመግባት ዓመታት ፈጅቶብኛል።» ፍሰሐ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እርስዎ ሰዓትዎን ይመለከቱ ነበር።

ዳኛዋ ማመልከቻውን ውድቅ አደረጉ። ኪዳኔ መዝገቡ ላይ ይቆያል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ እልል እላለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ቦርሳዬን አንስቼ ከልጄ ጋር ወደ ሜትሮ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ሄደች። ሰው መሃል እንቅልፍ ሲወስዳት ከልጅነቷ ወዲህ አይቼ አላውቅም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ለእርስዎ ይህም ይበዛብዎታል።

ለበዳይ ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን ተርፎ ለተበዳይም እንዲደርስ ከልብ እየጸለይኩ፣ ከማኅበርዎ በክብር የተገለልኩት
ወለተሥላሴ

ተጨማሪ፦ ልጅዎ ዮዲ ደውላልኝ ነበር። «እትዬ፣ ልጆቼን ከቅዳሜው ትምህርት አስወጥቻለሁ። ለአባዬ ፊት ለፊት መንገር አቅቶኛል፤ አንቺ ንገሪልኝ» ብላኛለች። አደራዬን ተወጥቻለሁ።