የአሮጊቷ የሬሳ ሣጥን

ልጄ ፍራምሮዝ፣ አምላካችን አሁራ ማዝዳ ከማዕበልና ከክፉ ሰው ይሰውርህ። እዚህ ቦምቤይ ደህና ነን፤ ዝናቡ በርትቷል፣ እህትህም ወንድ ልጅ ተገላገለች።

መርከበኛው ሶራብ ከቻይና፣ ከካንቶን የላክኸውን ሐር አደረሰልኝ። ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ "ልጅዎ ቀንቶታል፣ እትዬ" አለኝ።

"በምን?"

"ያን አደንዛዥ ዕፅ፣ ኦፒየምን በመሸጥ ነዋ። አንድ ቻይናዊ ሱሰኛ ገንዘብ ቢያጣ፣ እናቱ ለቀብሯ ያሠራችውን የሬሳ ሣጥን በጀልባ ጭኖ መርከባችን ድረስ መጣ። አሮጊቷ ሣጥኑን አቅፋ ታለቅስ ነበር። ፍራምሮዝ ሣጥኑን ተቀብሎ ኦፒየም ሰጠው።"

ሐሩን አጣጥፌ ለሶራብ መለስኩለት፤ ይዞልህ ይመጣል።

ልጄ፣ ሣጥኑን ለአሮጊቷ መልስላትና ኦፒየም ሳይሆን ጥጥ በሚጭን ባለ ሸራ መርከብ ና። መመረቁን እመርቅሃለሁ፤ እስከዚያ ግን ከእጅህ ምንም አልቀበልም።

እናትህ ጄርባይ