ለአንቺ የተቆረጠው ቁራሽ

ለተወደድሽው ባለቤቴ፣

የነፍስና የሥጋ መድኃኒት የሆነ ጌታ ምሕረቱን ያብዛልሽ። ሳልሽ እንዴት ሆነ? እንቅልፍስ ይሰጥሻልን? የሳንባ ሕክምና ቤቱ ምግብ ጨው የለውም ብለሽ ጽፈሽልን ነበር፤ ታግሠሽ ብዪው፤ ሐኪሞቹ ለፋሲካ እንለቃታለን ብለዋልና።

እኛ፣ ቸርነቱ የማያልቅ አምላክ ይመስገንና፣ ደህና ነን። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። ልጃችን ስታኒሚር ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ እስከ መንገዱ በአካፋ እየጠረገ ያወጣናል። ምራታችን ዝላትካ ለክረምት በጨው የተዘፈዘፈውን ጎመን ከበርሜሉ ስታወጣ እጇ በብርድ እየቀላ ክረምቱን ትረግማለች። የልጅ ልጃችን ኔቬና ትምህርት ቤቷ ስለ ተዘጋ ደስታዋ ወሰን የለውም። እኔም ከመዘምራኑ መቆሚያ አልጎደልሁም፤ ምንም እንኳ በአንዳንዱ ማለዳ ለምእመናን ሳይሆን ለባዶ ወንበር ብዘምርም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ቤታችን ውስጥ ውሻ አለ።

አውቃለሁ። ሥዕለ ማርያም በተሰቀለችበት ቤት ውሻ ደፍ አይረግጥም የሚለው ሕግ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ እናትሽም እናቴም የጠበቁት ነው። እኔም ራሴ ጎረቤታችንን ጋሽ ሚንቾን በዚሁ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደ ገሠጽሁት ታስታውሻለሽ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

በገና ጾም መጨረሻ ስታኒሚር ልጁን ይዞ በታችኛው ከተማ ወዳለው የተጣሉ ውሾች መጠለያ ሄደ። «ለማየት ብቻ ነው» አለኝ። ለማየት ብቻ ገበያ ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሲመለሱ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ዥጉርጉር ፍጥረት ተቀምጧል። ከነሰንሰለቱ በመንገድ ዳር በረዶ ውስጥ ተጥሎ ነው የተገኘው። ኔቬና ሻሮ አለችው። የመጠለያዋ ኃላፊ ግን በአንድ ቃል አሰረችን፤ «ለጊዜው ይቆይ፤ ከቤቱ ሰው አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ግን ለዘለቄታው አንሰጥም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቁርጡን ንገሩኝ» ብላ።

በማገዶው ቤት ይደር ብዬ የፈረድሁት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን ውርጩ ውኃውን ከነባልዲው ሰነጠቀው። ዝላትካ «አባባ፣ እንስሳው ቆሞ ሊደርቅ ነው እኮ! ኃጢአቱን ማን ሊሸከም ነው? እኔ የለሁበትም!» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ያን ጊዜ ያላሰብነው ሆነ። ውሻው አልገባም አለ። በደፉ ፊት ቆሞ ይንቀጠቀጣል እንጂ እግሩን አያነሣም። ደፍ በረገጠ ቁጥር ሲደበደብ የኖረ መሆን አለበት። እኛ ከእናቶቻችን በቃል የተማርነውን ሕግ እርሱ በዱላ ተምሮት መጣ።

ይህን ሳይ ወንበር አምጥቼ ከደፉ ወዲህ ተቀመጥሁና የሠርኩን መዝሙር በለሆሳስ ጀመርሁ፤ ሌላ ማባበያ አላውቅምና። ስታኒሚር ከምድጃው አጠገብ «አባባ፣ በረድን እኮ! ቢያንስ አጭሩን ዘምር!» እያለ ይጮሃል። ረጅሙን ዘመርሁ። በፈጸምሁ ጊዜ የውሻው አገጭ በጫማዬ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በገና ዋዜማ ዝላትካ ዳቦውን አንቺ እንዳስተማርሻት ጋገረች፤ የዓመቱን ጤናና ዕድል የሚያመለክተውንም ሳንቲም በሊጡ ውስጥ ሸሸገች። እኔም እንደ ልማዳችን ቆረስሁ፤ አስቀድሜ ለእመቤታችን፣ ቀጥዬ ለቤቱ፣ ከዚያም በዕድሜ ተራ ለሁሉም። በቦታው የሌለ ሰው ድርሻው አይቀርምና የአንቺን ቁራሽ ከሥዕሉ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። ኔቬና «የሻሮስ?» አለች። አባቷ «እንግዳ ነው፤ ገና የቤት ሰው አልሆነም» አላት። ላማችን ከተሸጠች ወዲህ የእንስሳቱ ቁራሽ ቀርቷልና ነገሩ በዚያ አለቀ። ውሻው ግን ከገበታው ሥር ሆኖ እያንዳንዳችንን በተራ ይመለከተን ነበር። ያን ዓይነቱን አስተያየት አንቺም ታውቂዋለሽ። ላማችን እንዲያ ስታይሽ ድርሻሽን ገምሰሽ ትሰጫት አልነበረምን?

ሁላችንም ቁራሻችንን ፈረፈርን፤ ሳንቲም የለም። የቤቱንና የእመቤታችንን ድርሻ ፈተሽን፤ እዚያም የለም። ዝላትካ አጨብጭባ «የእማማ ነው! የዘንድሮ ጤና ለእማማ ወጣ!» እያለች ወደ መደርደሪያው ሮጠች። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ሻሮ አፉን ይልሳል።

ቤቱ የልቅሶ ቤት መሰለ። ዝላትካ «ጤናዋን በላባት!» ብላ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ስታኒሚር «በቃ፣ ነገ ይመለሳል» አለ። ኔቬና የውሻውን አንገት አቅፋ አልለቅም አለች። ቁራሹን ማን እንዳወረደው ምርመራው እስካሁን አልተፈጸመም። መደርደሪያው ከእኔ ደረት ትይዩ ነው፤ ውሻ አይደርስበትም። ይህ በተነሣ ቁጥር ኔቬና እኔን እያየች ትስቃለች። ልጅ በብዙ ነገር ይስቃል።

የእንስሳቱ ሐኪም በስልክ «ትንሽ ሳንቲም ከሆነ አትጨነቁ፤ መውጫውን ያውቀዋል፤ ብቻ ዓይናችሁን አትንቀሉበት» አለን። ስለዚህ ልጃችን በዓሉን ሙሉ አካፋ ይዞ ውሻውን በበረዶው ላይ ከኋላ ከኋላ ሲከተል ዋለ። ጋሽ ሚንቾ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «አንተ ስታኒሚር፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» ቢለው፣ «የእናቴ ዕድል» ብሎ መለሰለት። ጋሽ ሚንቾ ይህን ቃል ለመንደሩ ሁሉ ሲተረጉም ሰነበተ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከግቢው የእልልታ ድምፅ ሰማሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንቺ ንጽሕና ወዳድ ነሽ።

ሳንቲሙ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ዝላትካ ቀቅላዋለች፣ በአመድ ፈትጋዋለች፣ እንደገናም ቀቅላዋለች። በጥምቀትም ካህኑ ቤቱን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እኔ ራሴ ከጠበሉ ዕቃ አጠገብ አኖርሁት። ካህኑ ከሥዕሉ ሥር የተኛውን ውሻ አዩ፤ ቀጥለውም እኔን አዩ። ጋሽ ሚንቾን እንዴት እገሥጸው እንደ ነበር ያውቃሉና በጺማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ከዚያም የበሶብላውን እቅፍ ነክረው እርሱንም ረጩት። አስነጠሰ።

እንግዲህ ድርሻሽ ደርሶሻል። ተሸክሞ ያቆየልሽ ግን አሁንም እንግዳ ነው። የመጠለያዋ ኃላፊ ባለፈው ሐሙስ ደውላ ነበር፤ ሁላችንም ፈቅደናል፤ የቀረው የአንቺ ቃል ብቻ ነው። እምቢ ብትዪ አልወቅስሽም፤ ሕጉ ሕግ ነው። ስታኒሚር ይመልሰዋል፤ ኔቬናንም እኔ አጽናናታለሁ። እኔን ማን እንደሚያጽናናኝ ግን አልተነጋገርንበትም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልፈጽም። ግራጫው የሱፍ ሻርፕሽ አሁን የሻሮ መኝታ ነው። አትቆጪ፤ ያነጠፍሁለት አስቤበት ነው። መልክሽን አያውቀውምና በፋሲካ በበሩ ስትገቢ ባዕድ እንዳትሆኚበት ጠረንሽን ይልመድ ብዬ ነው። አፍንጫውን ቀብሮበት ያድራል። እስካነጠፍሁለት ዕለት ድረስ ሻርፑ ከትራሴ ሥር ነበር፤ መልቀቁ ቀላል አልሆነልኝም።

የድንግል አማላጅነት ከራስጌሽ አይራቅ፤ ትንፋሽሽን ያስፋልሽ፤ መንገድሽን ከበረዶው አስቀድሞ ይጥረግልሽ። አሜን።

ደፉን ጠርጎ የሚጠብቅሽ፣
ባለቤትሽ