በመነጽር ብቻ ስለሚሠራው አሳንሰራችን

ለክቡር የመኖሪያ ሕንጻዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካልዎ ጤንነትን፣ ለጉልበቶችዎ ደግሞ ከሌላው አካል ሁሉ የበለጠ ጤንነትን እመኛለሁ። የጉልበትን ክብር የሚያውቀው አምስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ነውና፣ ምኞቴ ከልብ እንጂ ከአንገት በላይ እንዳልሆነ እንደሚረዱልኝ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። አሳንሰራችን ተበላሽቶ ደጋግመን ባመለከትን ጊዜ፣ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ተራ ነገር አስቦ ጠጋኝ ይልክ ነበር። እርስዎ ግን “የሰውን ችሎታና አካባቢውን በምናባዊ እውነታ የማጎልበት ፕሮግራም” ቀርጸው ለየቤቱ አንዳንድ መነጽር አደሉን። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው የቆመው አሳንሰር ውስጥ ገብቶ ቁጥር ሲጫን በሩ ሲዘጋ፣ ፎቆቹም ቁልቁል ሲያልፉ ያያል፤ ከላይ ሲደርስ የአበባ መስክ ይቀበለዋል። እግሩ ግን ምድር ቤት ነው። አያቶቻችን “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ያሉት መነጽር ስላልነበራቸው ነው። እኛ በእርስዎ ዘመን ወተቷን ለማየት በቅተናል፤ የቀረን መጠጣቱ ብቻ ነው።

ደስታችን ልኩን ስላለፈ ጥቂት ነጥቦችን ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ/ የሕንጻው ጥበቃ በመነጽሩ አማካይነት አራቱንም ማዕዘን በአንድ ጊዜ እንዲያይ ሆኗል። አራቱን ማዕዘን ቆሞ እያየ ሳለ ከኋላው ወንበሩን ወስደውበታል። መሰረቁን ያወቀው ሊቀመጥ ሲል ነው።

2ኛ/ የፕሮግራሙን ምረቃ ዕለት በተመለከተ፣ እናቴ እርስዎ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣሉ ሲባል ሰምታ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ደጃፏ ላይ ወንበር አስወጥታ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅዎ ውላለች። እርስዎም ከነአጃቢዎችዎ መነጽር አጥልቀው አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ፣ አምስት ቁጥርን ተጫኑ፣ ጥቂት ቆይተውም ወጡ። “እዚህ ከፍታ ላይ ቆሜ ስመለከታችሁ ኩራት ይሰማኛል” ያሉት ለአምስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች መስሎዎት መሆኑ ይገባኛል። በስፍራው የነበሩት ግን የቆሻሻ ገንዳዎቹና ባልዲዋን ልትደፋ የወረደችው የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ናቸው። መነጽሩ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያሳምር ገንዳዎቹን ነዋሪ አድርጎ ሳያሳይዎ አልቀረም። አጃቢዎችዎ ሲያጨበጭቡ ልብስ ሰፊዋም ባልዲዋን አስቀምጣ አጨበጨበች፤ ጨዋ ሴት ናት። ከዚያም ወደ አንደኛው ገንዳ ጎንበስ ብለው “እናታችን፣ አሁንስ ደስ አለዎት?” ብለው እንደጠየቁት በዐይኗ አይታ ነግራናለች። ገንዳው ዝም አለ። በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ “የአምስተኛ ፎቅ እናት እርካታቸውን ገልጸዋል” የሚል ተለጥፎ አነበብን።

3ኛ/ ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። እናቴና ታላቅ እህቷ በአንድ ሕንጻ ይኖራሉ፤ እናቴ አምስተኛ ፎቅ፣ አክስቴ ምድር ቤት። የእናቴ ጉልበት ደረጃ አያስወርዳትም፤ አክስቴን ደግሞ የልብ ሐኪሟ ደረጃ እንዳትወጣ ከልክሏታል። ጆሮዋም ስለደከመ ስልክ አይሆናትም፤ የምትሰማው የሰው ከንፈር እያየች ነው። አሳንሰሩ በደኅናው ጊዜ ሁለቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ ይጣሉ ነበር። አሳንሰሩ ከቆመ ወዲህ ግን ዐይን ለዐይን አልተያዩም።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህንንም ሰምቶ ባለሙያ ልኮ አክስቴን ከግራም ከቀኝም ፎቶ አስነሥቶ መነጽሩ ውስጥ አስገባልን። እናቴ አጠለቀችው። አክስቴ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ፈገግ አለች፤ እናቴ የተናገረችውን ሁሉ ሳታቋርጥ ሰማች፤ በመጨረሻም “ልክ ነሽ እህቴ” አለቻት። እናቴ መነጽሩን አውልቃ ማልቀስ ጀመረች። “እትዬ ሞታለች፣ ደብቃችሁኛል” አለችን። ምን ታድርግ፣ እትዬዋ ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ልክ ነሽ ብላት አታውቅም። ብንምልም ብንገዘትም አልሰማችንም። ሙሽራዋ “ካልታዘልኩ አላምንም” እንዳለችው፣ እናቴም ካልወረድኩ አላምንም አለች፤ እህልም አልቀምስ አለች። ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት በእውነት ፈራሁ።

በዚህም ምክንያት የሦስተኛ ፎቁ አናጺ በወንበሯ ግራና ቀኝ ሁለት አጣና አሰረና አራት ሆነን ተሸከምናት። እናቴ በየፎቁ እያሳረፈች ከየቤቱ ውሃ ታሳዝዝልን ነበር፤ ጎረቤቱም እየወጣ በእልልታ ሸኘን። አክስቴ በሯን ከፈተች፣ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ “እስካሁን የት ጠፍተሽ ነው?” አለቻት። እናቴ ልትመልስ አፏን ከመክፈቷ አቋረጠቻት። ይኸኔ እናቴ ወደ እኛ ዞራ “እሷ ናት” አለችና እንባዋን ጠረገች። እኔና አናጺው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሆኖም ወገባችን ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አልተስማማም። እናቴ እስካሁን አክስቴ ቤት ሶፋ ላይ ናት፤ ስለ ብርድ ልብሱ ይጣላሉ። ቤታችን ጭር ብሎብኛል። ስለዚህ አሳንሰሩ እውነተኛ ሰው እውነተኛ ፎቅ ላይ የሚያደርስ ሆኖ እንዲጠገን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

4ኛ/ አራተኛ ነጥብም ነበረኝ፤ ደረጃውን ስወጣ ረሳሁት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አረፍ ብዬ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ፣ ከፍ ካለው ወንበርዎ ዝቅ ብዬ፣ በማያልቅ አክብሮት እጅ የምነሣው
የአምስተኛ ፎቋ እናት ልጅ

ሳልረሳው፦ እናቴ በአካል ቀርባ ልታመሰግንዎ ትፈልጋለች። ቢሮዎ ስምንተኛ ፎቅ ነው ሲሏት ደንግጣ ነበር፤ የእርስዎ አሳንሰር ያለ መነጽር እንደሚሠራ ስናረጋግጥላት ተጽናናች። ከሰኞ ጀምሮ አክስቴን አስከትላ ትመጣለች፤ የእኛው እስኪጠገን ድረስ ሁለቱም ወንበሮቻቸውን አሳንሰርዎ ውስጥ አድርገው እየወጡና እየወረዱ ይጣላሉ። ምናልባት እርስዎ መግቢያ ካጡ፣ መነጽራችንን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልከንልዎታል።