በዜሮ የተካፈለው ቀመር

ጥቅምት 6
ለተማሪዎች የምንሠራው የሒሳብ ፕሮግራም ዛሬም የክፍልፋዩን መስመር ቁጥሩ ላይ ያጋድመዋል። ጥፋቱን ለብቻው ልየው ብዬ ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም ሠራሁ። አንድ መስኮት፣ አንድ ቁልፍ። ቀመር ስጽፍለት አሳምሮ ያሳያል። እጄ እንዳመጣልኝ ሞላሁት... ክፍልፋይ በክፍልፋይ ላይ፣ ስኩዌር ሩት፣ ቅንፍ፣ ኤክስ። ትርጉም? የለውም። ግን ሲያምር!

ጥቅምት 8
ጉድ ፈላ። ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ይዞ ከኋላዬ ቆመ። አንዱ እንግዳ ስክሪኔን አየና፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አፌን ሳልከፍት ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ "የድርጅታችን የስኬት ቀመር ነው" አለ።

ጥቅምት 11
ሥራ አስኪያጁ ቀመሬን በትልቅ ሸራ አሳትሞ የቢሮው መግቢያ ላይ ሰቀለው። ጥበቃው ጠራኝ። "እህቴ፣ ምን ይላል? ሰው እየጠየቀ አስቸገረኝ።" ምን ልበለው? "ጠንክራችሁ ሥሩ ነው የሚለው" አልኩት። ኮፍያውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጥቅምት 12
ለአባባ አሳየሁት፣ ይስቅ እንደሆን ብዬ። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ እማዬ ከሞተች ወዲህ ከ"እህ" ሌላ ቃል አይወጣውም። አልሳቀም።
"ኤክስ ስንት ነው?"
"ምንም አይደለም አባባ፣ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።"
"ዝም ተብሎ የሚጻፍ ኤክስ የለም! ወረቀት አምጪ።"
ደስ አለኝ ወይስ ፈራሁ?

ጥቅምት 15
ሦስት ቀን ሙሉ... ምሳው ይቀዘቅዛል፣ እሱ ይደልዛል። ዛሬ እርሳሱን ወረወረ። "ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ዜሮ ሆነ። በዜሮ አካፍለሻል! በአደባባይ!"
"ማንም አያውቅም እኮ አባባ..."
"እኔ አውቃለሁ።"

ጥቅምት 16
አባባ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ቢሮ መጣ። አለቀልኝ፣ ተባረርኩ አልኩ። ሥራ አስኪያጁን ሸራው ሥር አቆመው። "ልጄ፣ በዜሮ ማካፈል ክልክል ነው።"
ሥራ አስኪያጁ ክው አለ። "ማን ከለከለ? አዲስ መመሪያ ወጣ እንዴ?"
"ድሮም የነበረ ነው።"
ላብ አጠመቀው። ሸራው ወዲያው ወረደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባት... ሌላ የጣስነው ይኖር ይሆን?"
"ሳላየው ምን አውቃለሁ?" አለ አባባ፣ የእኔን ወንበር እየሳበ።

ኅዳር 3
አባባ ከተቀጠረ ሁለት ሳምንቱ። የሙከራ ቀመሮቹን የሚጽፈው እሱ ነው። የመስመሩ ጥፋት የት እንደተደበቀ ያገኘሁትም በእሱ ቀመር ነው። ቤት ስንገባ ደግሞ ወሬው... ጆሮዬን አደነቆረው! እንዲያርመው የሰጠሁትን ሥራ ዛሬ መለሰልኝ። በቀይ እስክሪብቶ፦ "ቅንፍ አልተዘጋም። ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ።"
ጠረጴዛው ፊት እጄን አጣምሬ ቆምኩ። "ቲቸር፣ አባቴ ሥራ ይበዛበታል።"
ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።