አባትህ የመረጠው ሰው

ልጄ ተኽኣ፣ ኪዳነ ምሕረት በሮም ብርድ ልብስ ትሁንህ። እኛ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ወደ ሰፈራችን ወደ ፓራዲዞም ዝናቡ ጥሩ ጥሏል።

ጉዴን ስማኝማ! ለፓርላማው ምርጫ ሴቶችም ተጠርተን፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠሁ። ፓርቲ ቀርቷል፣ ሰውየውን አይታችሁ ምረጡ ተባልን። ልቤ ከጎረቤታችን ከአቶ መንግስትኣብ ጋር ነበር። በአንተ ምጥ ጊዜ በማኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ የሌላው ፓርቲ ሰው ስለነበሩ ግን አባትህ ሰላምታ ነስቷቸው ኖረ። እሱ የአንድነት ማኅበር የሚባለው ፓርቲ ሰው ነበርና እንዳይከፋው ብዬ፣ የማኅበሩን ሰው አቶ ገረዝጊሄርን መረጥኩለት።

ስንመለስ አባትህ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መንግስትኣብን መረጥኩ። ፓርቲው ፈረሰ፣ ሰውየው ግን ያው ሰው ነው። አንቺስ?»

ክው አልኩ! «እወ፣ እኔም» አልኩት።

ይባስ ብሎ ማምሻውን አቶ መንግስትኣብን ራሳቸውን ጠርቶ ሻሂ ጋበዛቸው። «ሁለታችንም አንተን ነው» ሲላቸው፣ እሳቸው ለእኔ ጎንበስ ብለው «የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑኝ። መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

አደራ፣ ለአባትህ ስትጽፍ ይህን እንዳታነሳ። አንተም ስታገባ፣ ሚስትህ ልብህን ስትገምት እንዳትኖር፣ አንተው ንገራት። በሰው አገር ሰው አያሳጣህ።

እናትህ እማዋይሽ